አባት በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ሲሉ



ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ትዳርና ስለ ጎረቤት ሐቅ ብዙ ጊዜ እንጨዋወታለን። በዛሬው ጨዋታችን ግን ፊታችንን ወደ ሌላኛው የዕድሜ ጫፍ እናዞራለን። በየጓዳችን ተሸሽጎ ስለሚኖር፣ እንግዳ ሲመጣ በር ስለሚዘጋበት ችግር ነው የምናወጋው። ሐኪሞች «ዲሜንሺያ» ይሉታል፤ በአማርኛ የመርሳት በሽታ ይባላል። እኛ ደግሞ በየሰፈራችን «ጃጅተዋል» ብለን እናልፈዋለን።

ይህ «ጃጅተዋል» የምንለው ቃል ራሱ ጥፋት አለበት። አንዴ ከተባለ በኋላ ሰውየው እንዳለቀላቸው ይቆጠራል። የሚበሉትን ሰጥቶ፣ ከመውደቅ ጠብቆ፣ አጀላቸውን መጠባበቅ ብቻ የቀረ ይመስለናል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አዛውንት ሁሉ አይረሳም፤ ዘጠና ዓመት አልፏቸው የልጅ ልጆቻቸውን በሙሉ በስም የሚጠሩ፣ የማን ብድር በማን ላይ እንዳለ የማይዘነጉ ስንቶች አሉ! መርሳቱ የዕለት ኑሮን እስኪያናጋ ድረስ ሲበረታ ግን የአንጎል በሽታ ነው እንጂ ዕድሜ ብቻ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር የአንዲትን በሽተኛ አንጎል መርምሮ ያገኘውን በ1906 እ.ኤ.አ. ለሙያ ባልደረቦቹ አቀረበ፤ ከመርሳት በሽታዎች ሁሉ ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆነውን የሚይዘው በእርሱ ስም የሚጠራው በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው ያሉት። በሽታውን ነቅሎ የሚያወጣ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ሆኖም መድኃኒት ያልተገኘለት ሰው ሁሉ ረዳት የለውም ማለት አይደለም፤ የዛሬው ወሬያችንም ስለዚሁ ረዳት ነው።

ነገሩን ከአገር ጋር ለማያያዝ ዲላን እንውሰድ። የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ዲላ በሞያሌው አስፋልት ላይ፣ ከአዲስ አበባ 360፣ ከሐዋሳ ደግሞ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ርቃ ትገኛለች። ቡና ያቆማት ከተማ ናት። ወደ ወናጎ፣ ወደ ይርጋ ጨፌና ወደ ገደብ የሚዘልቀው አገር ቡናውና እንሰቱ በዛፍ ጥላ ሥር አብሮ የሚበቅልበት ነው፤ ይኸው የአዘራር ባህል ያለበት መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚህች ከተማ ሱቅ ከፍተው፣ ሚዛን አንጥልጥለው፣ ጆንያ ተሸክመው ልጆች ያሳደጉ አባቶች፣ በረካ እስኪጠጣ ድረስ ጎረቤት ሳያስነሱ የኖሩ እናቶች አሉ። ልጆቹ ግን ዛሬ አዲስ አበባ ናቸው፤ ጅዳ ናቸው፤ ዋሽንግተን ናቸው። ከአባት ጋር የቀረችው ብዙውን ጊዜ አንዲት ሴት ልጅ ወይም የልጅ ሚስት ናት።

በከተማዋ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፤ ዩኒቨርሲቲው የሳይካትሪ ባለሙያዎችም ያስተምራል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ምርመራ አዲስ አበባ ድረስ መንገላታት የግድ አይደለም። ምርመራው ደግሞ መዝለል የማይገባው ነገር ነው። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ድንገት ከተምታታባቸው ያ የመርሳት በሽታ ላይሆን ይችላል። ወባ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የውሃ ማነስ፣ የስኳር መውረድ ወይም መውጣት፣ ከወራት በፊት በደረሰ መውደቅ ጭንቅላት ውስጥ የተቋጠረ ደም፣ አልፎ ተርፎም የሚወስዱት መድኃኒት አእምሮን ሊያናውጥ ይችላል። ይህ አስቸኳይ ነው፤ በስልክ አይታከምም። በቀስታ የመጣው መርሳትም ቢሆን መንስኤው የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም ከባድ ሐዘን ሊሆን ስለሚችልና እነዚህም የሚታከሙ ስለሆኑ፣ አስቀድሞ ከሐኪም ዘንድ መድረስ ይገባል።

ችግሩ ከምርመራው በኋላ ነው። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ይነግራል፤ የደም ግፊቱን ያስተካክላል፤ ከዚያ ተረኛው ይገባል። ልጅቱ አባቷን ይዛ ቤት ስትገባ የሚጠብቃት ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ገላቸውን እንዴት ላጥባቸው? ሌሊት ተነስተው በሩን ሲደበድቡ ምን ልበል? ቀኑን ሙሉ ምን ያድርጉ? ለዚህ መልስ ፍለጋ በየሳምንቱ ከቡሌ ደጋ ወይም ከገደብ በሚኒባስ አሳፍሮ ማመላለስ ደግሞ በራሱ ሕመም ነው። የማያውቁት ሰው፣ የመናኸሪያ ጩኸት፣ የወረፋ ወንበር የሚረሳን ሰው ይበልጥ ያምታታዋል፤ ከመንገድ ሲመለሱ ሦስት ቀን ሳይረጋጉ የሚቆዩ አሉ።

እንግዲህ «ኦኩፔሽናል ቴራፒ» የሚባል ሙያ አለ። ስሙ ቢከብድም ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰውን በዕለት ሥራው በኩል የሚያግዝ ሙያ ነው። ሥራ ሲባል የደመወዝ ሥራ ማለት ብቻ አይደለም፤ ፊት መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ ቡና ማፍላት፣ ዉዱእ ማድረግ፣ ሱቅ መቀመጥ፣ የልጅ ልጅን ማጫወት ሁሉ ሥራ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የክንዱን ጉልበት ቢያይ፣ ይህኛው ባለሙያ «በዚህ ክንድ ምን ይሠሩ ነበር? አሁንስ ምን መሥራት ይወዳሉ?» ብሎ ይጠይቃል። በአገራችን የሙያው ትምህርት የተጀመረው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በ2017 እ.ኤ.አ. የጀመረው ትብብር ያስገኘው ፍሬ ነው። ባለሙያዎቹ ገና ጥቂት ናቸው። ከጎንደር ዲላ በመኪና ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ታዲያ እውቀቱ በእግር መምጣት ካልቻለ በስልክ ይምጣ የሚለው ሐሳብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

የሙያው ጥቅም በግምት የተወራ አይደለም። በኔዘርላንድ ማውድ ግራፍ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በየቤታቸው የሚኖሩ 135 የመርሳት ሕሙማንን ከነአስታማሚዎቻቸው ወስደው፣ ለግማሾቹ በአምስት ሳምንት ውስጥ አሥር ጊዜ ባለሙያ ቤታቸው ድረስ እንዲሄድላቸው አድርገው ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንዳሳየው ባለሙያ የገባላቸው ሰዎች የዕለት ሥራቸውን በተሻለ ሁኔታ መሥራት ቻሉ፤ አስታማሚዎቻቸውም «እችለዋለሁ» የሚል ስሜት አደረባቸው። ልብ በሉ፤ በሽታው አልዳነም። የተለወጠው ቤቱ ውስጥ ያለው አኗኗር ነው። በአሜሪካም ሎራ ጊትሊን የተባሉ ምሁር እንቅስቃሴን ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ልብስ ልክ ወስዶ መስፋትን መሠረት ያደረገ አሠራር አዳብረዋል። እነዚህ ሁሉ መጀመሪያ ፊት ለፊት የሚሠሩ ነበሩ። በ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ወረርሽኝ በር ሲዘጋ ግን በብዙ አገር ባለሙያዎች ወደ ስልክና ወደ ቪዲዮ ዞሩ፤ ብዙውም ነገር በዚያ መንገድ ሊሠራ እንደሚችል ታየ። ምክንያቱም ይህ ሙያ እንደ ቀዶ ሕክምና በባለሙያው እጅ የሚያልቅ አይደለም። ሠሪዋ ቤት ያለችው ልጅ ናት፤ ባለሙያው የሚያስተምረው እርሷን ነው።

እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ እንየው። እናት ዲላ ናቸው እንበል። ባለሙያዋ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሆና ትደውላለች። ልጅቱ ስልኩን ይዛ መሀል ትቀመጣለች። የመጀመሪያው ቀን ወሬ ስለ በሽታ አይደለም፤ ስለ እናትየው ሕይወት ነው። ምን ይሠሩ ነበር? ማለዳ ሲነሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው? ምን ያስደስታቸዋል? ምን ያስቆጣቸዋል? ልጅቱ ትመልሳለች፦ «ቡና ያፈሉ ነበር። አሁን ግን ከልክለናቸዋል። ባለፈው ጀበናውን ባዶውን ጥደው አቃጠሉት፤ ከዚያ ወዲህ እሳት አጠገብ አናስደርሳቸውም። አሁን ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ወይም በሩን ይነካካሉ።»

ብዙ ቤት የሚሆነው ይህ ነው። ሰውዬው ወይም ሴትዮዋ አንድ ነገር ስላበላሹ ሁሉንም ነገር እንነጥቃቸዋለን። ባለሙያዋ ግን «ቡና ማፍላት አይችሉም» የሚለውን ፍርድ አትቀበልም። ቡና ማፍላት አንድ ሥራ ነው ወይ? ብላ ትጠይቃለች። ቡናው ይለቀማል፤ ይታጠባል፤ ይቆላል፤ ይወቀጣል፤ ጀበናው ይጣዳል፤ ይወርዳል፤ ይሰክናል፤ ይቀዳል፤ ሲኒው ይታጠባል። ከዚህ ሁሉ የተበላሸው የትኛው ነው? ጀበናው ውሃ እንዳለው ማስታወስና እሳቱን መጠበቅ ነው። ለቀማው አልተበላሸም። ዕድሜ ልካቸውን ቡና የለቀሙ ጣቶች ከአእምሮ በፊት ያውቃሉ። ስለዚህ ለነገ የሚሰጠው ትእዛዝ እንዲህ ይሆናል፦ ቁርስ ከተበላ በኋላ፣ ሬዲዮኑና ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ፣ ብርሃን ባለበት ቦታ ሰፌድ ላይ ትንሽ ቡና ይቀመጥላቸው። ከሰፌዱ ሌላ ምንም ፊታቸው አይኑር። ልጅቱ አጠገባቸው ተቀምጣ መልቀም ትጀምር፤ «ልቀሙ» ብላ ከማዘዝ ይልቅ እጇን አይተው ይከተሉ። እሳቱና ጀበናው የልጅቱ ድርሻ ነው። ቡናው ሲቆላ ጭሱ ወደ እርሳቸው ይምጣ። ሲኒ ማጠቡ ደግሞ ወደ እናት ይመለስ።

ጥሩውን ከመጥፎው ጋር ቢደባልቁትስ? ይደባልቁት። ያ ቡና ለገበያ አይደለም። «እንዲህ አይደለም እኮ፤ ስንቴ ልንገርዎ!» የምትለዋ ቃል ናት የምትጎዳው። የሚረሳ ሰው የተነገረውን ይረሳል፤ የተቆጡት ቁጣ ግን በደረቱ ላይ ይቆያል። «ታስታውሻለሽ?»፣ «እኔ ማን ነኝ?» እያሉ መፈተንም እንዲሁ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቱን ፈተና ላይ የሚያስቀምጥ ልጅ ያየ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግን ይገባዋል። «እኔ ዘይነባ ነኝ፤ ልጅዎ፤ መጣሁ» ማለት ምን ይገዳል?

በሳምንቱ ባለሙያዋ ትደውላለች። አሥር ደቂቃ ለቀሙ ወይስ ሰላሳ? ደስ አላቸው ወይስ ሰፌዱን ገፉት? ከተሰላቹ ሰዓቱ ይለወጣል፤ ከከበዳቸው ይቀለላል፤ ከቀለላቸው አንድ እርምጃ ይጨመራል። ሕክምናው ይኸው ነው። ለወንድ አባት ደግሞ ሚዛንና መዝኖ መስጠት፣ ጆንያ ማጠፍ፣ ሳንቲም በየዓይነቱ መለየት፣ ግቢ መጥረግ ሊሆን ይችላል። የነጋዴ እጅ ሥራ ሲያጣ በር ይነካካል።

በሙስሊም ቤት ውስጥ ደግሞ ለዚህ ሙያ ትልቅ መሣሪያ አለ፤ ብዙዎቻችንም አላስተዋልነውም። አምስቱ ሶላቶች ቀኑን ለአምስት ይከፍሉታል። ሰዓት ማንበብ የተሳናቸው አባት አዛን ሲሰሙ የቀኑን መልክ ያውቁታል። ስለዚህ ምግቡንም፣ እንቅልፉንም፣ ገላ መታጠቡንም በሶላት ዙሪያ መደርደር ቀኑን ያረጋጋል። ሩኩዕና ሱጁድ ደግሞ በልጅነት ገላ ውስጥ የተቀረጸ ስለሆነ ስም ከጠፋ በኋላም ብዙ ጊዜ ይቆያል። የሚጠፋው ቁጥሩ ነው። ሁለተኛው ረከዓ ነው ወይስ ሦስተኛው? ለብቻቸው ሲሰግዱ ይጨነቃሉ፤ ይደጋግማሉ፤ ያለቅሳሉ። ልጃቸው ፊት ሆኖ ቢያሰግዳቸው ወይም ጀማዓ ላይ አጠገባቸው ቢቆም ግን መቁጠር አያስፈልጋቸውም፤ ሌላውን ይከተላሉ። ይህን የሚያህል እፎይታ በምን ይገዛል!

«ሰገድኩ ወይ?» የሚለው ጥያቄም አለ፤ በሰዓት አሥር ጊዜ ይመጣል። በአፍ መመለሱ አይጠቅምም፤ ምልክት ይጠቅማል። መስገጃው ጊዜው ሲደርስ ይነጠፍ፤ ተሰግዶ ሲያበቃ ተጠቅልሎ ከዓይን ይሰወር። የዉዱእ ማንቆርቆሪያው፣ ዱካውና ፎጣው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአጠቃቀማቸው ቅደም ተከተል ይቀመጡ። ድጋሚ ሊሰግዱ ቢነሱም አትከራከሯቸው። በሸሪዓው ግዴታ ከዐቅል ጋር የተያያዘ ነው፤ ዐቅል ከሄደ ሰውየው አይጠየቅም። ዐቅሉ አንድ ጊዜ መጥቶ አንድ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ስለ ጾሙም ሆነ ስለ ሶላቱ ምን እንደሚደረግ የየአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ። በረመዷን መድኃኒት ማቋረጥን በተመለከተ ግን ሐኪሙም አብሮ መጠየቅ አለበት።

ከዐስር በኋላ እስከ መግሪብ ያለችው ሰዓት ከሁሉ ትከፋለች። ብርሃኑ ሲደክም አባት ይነሳሉ፤ ጋቢያቸውን ይለብሳሉ፤ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ። ቤታቸው ነው፤ ራሳቸው የሠሩት ነው። ልጆች ይስቃሉ ወይም ይቆጣሉ። ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት በዚያች ሰዓት የሚጠየቀው ግድግዳውና ጣራው ላይሆን ይችላል፤ የሚፈለገው የመረጋጋት ስሜት ነው፤ አንዳንዴም የልጅነት ቤት ነው። «ይኸው ቤትዎ አይደል!» ብሎ መሟገት እሳቱን ማራገብ ነው። መብራት ቀደም ብሎ ይብራ። ሽንት ይዟቸው፣ ርቧቸው ወይም አሟቸው እንደሆነ ይታይ። አካላቸው ከቻለ ደግሞ «እሺ፣ እንሂድ» ብሎ ክንዳቸውን ይዞ መስጂድ ድረስ ወስዶ መግሪብ አሰግዶ መመለስ ነው። ሲመለሱ በር ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚላቸው ሰው ካለ ቤታቸው ገቡ ማለት ነው።

የቪዲዮ ጥሪ የሚቻልበት ቤት ከሆነ ባለሙያዋ ቤቱን በስልኩ ዓይን ትዞረዋለች። ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ሌሊት ይታያል? ደረጃው ጠርዙ ላይ ነጭ ቀለም ቢቀባስ? የገላ መታጠቢያው ወለል ሳሙና አለው? በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ በረኪና አለ? (በየቤታችን አለ፤ ጤነኛም ልጅ ጠጥቶት ያውቃል።) በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ይነድዳል? ወጥተው እንዳይጠፉ ተብሎ ከውጭ በቁልፍ የሚቆለፍ በር ቃጠሎ ቢነሳ መቃብር ነው፤ ይልቅ በሩ ላይ የምትንቃጨል ነገር ይንጠልጠል። ለባለሱቁ፣ ለባጃጅ ሾፌሮቹና ለመስጂዱ ጀማዓ ይነገር፤ በኪሳቸው የቤተሰቡ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ይኑር። አፍረን ከደበቅናቸው በጠፉ ቀን የሚያውቃቸው አይኖርም። በገመድ ማሰርን ግን ከነጭርሱ አታስቡት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማንሳት ይገባል። በዲላና በዙሪያዋ ያሉ አረጋውያን ብዙዎቹ አማርኛን በገበያ የተማሩ ናቸው። የአፍ መፍቻቸው ጌዴኦኛ፣ ስልጥኛ፣ ጉራጊኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ነው። የመርሳት በሽታ ሲበረታ በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ሊደክምና ሰውየው ወደ እናታቸው ቋንቋ ሊመለሱ ይችላሉ። በአማርኛ ብቻ ያደገችው የልጅ ልጅ «አያቴ መናገር አቆሙ» ትላለች፤ እርሳቸው ግን እየተናገሩ ነው። ከሩቅ የምትደውለው ባለሙያም አማርኛ ብቻ ብትችል የምትሰማው ዝምታ ነው። ስለዚህ በየቤቱ ቋንቋውን የሚያውቅ አክስት ወይም ጎረቤት ጥሪው ላይ ይኑር። ባለሙያዋ ጥያቄዋን ትጠይቅ፤ እርሳቸው ግን በልጅነት ቋንቋቸው ይጠየቁ። እንዲህ ያለውን ነገር ከውጭ አገር የመጣ መመሪያ አይነግረንም።

የስልኩ ነገር ጉድለት የለውም አንልም። ባለሙያው እጅ መንካት፣ አረማመድ በቅጡ ማየት፣ የቁስል ሽታ ማሽተት አይችልም። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ መብራት ይጠፋል። ጆሮ የከበዳቸው አዛውንት ከትንሽ ሳጥን የሚወጣን ድምፅ ሰው አድርገው ላይቆጥሩት ይችላሉ። እንዲያውም የመስማት ችግር ሳይታከም መቅረቱ ራሱ ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ነው። በእኛ አስተያየት ቪዲዮ እስኪገኝ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። ከአስታማሚዋ ጋር በተራ ስልክ በሳምንት አንድ ጊዜ በቅጡ የሚደረግ ወሬ ከተቆራረጠ ቪዲዮ ይበልጣል። ባለሙያም እስኪገኝ ድረስ የዓለም ጤና ድርጅት ለአስታማሚዎች ያዘጋጀው «አይሰፖርት» የተባለ ማሠልጠኛ አለ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ መልክም ወጥቷል። እንግሊዝኛ የሚያነብ የቤተሰብ ልጅ በየምሽቱ አንድ ክፍል እየተረጎመ ለእናቱ ቢያነብላት ምን አለ?

ከጉድለቱ ሁሉ የሚያሳስበን ግን ሐያእ ነው። የተምታታባትን እናት በስልክ ቀርጾ ለባለሙያ መላክ አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ ቪዲዮ ለወንድም፣ ለእህት፣ ለጓደኛ፣ ከዚያም ለዓለም ማሰራጨት ሌላ ነው። ሰዎች እንዲስቁ አያቱን በቲክቶክ የሚለጥፍ ወጣት አይተናል። እናቱ ጤነኛ ብትሆን ራሷን ሳትሸፍን ፎቶ ትነሳ ነበር? ፈቃድ መስጠት ስላልቻለች ፈቃዷ የለም ማለት አይደለም፤ የኖረችበት ሥርዓት ፈቃዷ ነው። ገላ መታጠብና ሽንት ቤት በቃል ይገለጽ፤ አይቀረጽ። ባለሙያውም ወንድ ከሆነና እናትየው የሚሳቀቁ ከሆነ ልጅቱ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታውራ።

ስለ ልጅቱ ካነሳን ዘንድ አንድ ቃል እንጨምር። ትምህርቷን አቋርጣ፣ ትዳሯን አዘግይታ፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ እየተነሳች አባቷን የምትጠብቅ እህት አለች። ወንድሞቿ ከውጭ ብር ይልካሉ፤ በየሳምንቱም ይደውላሉ። ይደውሉና ምን ይላሉ? «ለምን ከሱ? ለምን አልተላጩም?» ይላሉ። ይህ ጥሪ ነው ልጅቱን የሚያደክማት። ለወላጅ መልካም መዋል የታዘዘው ለሁሉም ልጅ ነው እንጂ ዲላ ለቀረችው ብቻ አይደለም። ጅዳ ያለው ወንድም የባለሙያውን ክፍያና የካርዱን ወጪ ይቻል። አዲስ አበባ ያለው ደግሞ በሁለት ወር አንዴ መጥቶ አንድ ሳምንት ይተካት፤ እርሷ ትተኛ። የኔዘርላንዱ ጥናት አስታማሚዎቹንም የለካው አለምክንያት አይደለም። አስታማሚዋ ከወደቀች ሁለት በሽተኛ ነው ያለው።

«ጂን ነው፤ ሲሕር ተደርጎባቸዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ዱዓእም ሩቅያም ከሕክምና ጋር አይጣላም፤ መታከምም የዲናችን ትምህርት ነው። ነገር ግን «ጂኑን ላስወጣ» ብሎ የሰባ አምስት ዓመት አዛውንትን የሚገርፍ፣ የሚያጨስ፣ ውሃ የሚከለክል ሰው በር ላይ ቢመጣ ይመለስ። በሌላ በኩል ደግሞ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ዘመድ አለ። የቤቱን ካርታ፣ የቡና መሬቱን፣ የባንክ ደብተሩን ይዞ «እዚህ ጋ ጣትዎን ያሳርፉ» የሚል። የሚያደርገውን በማያውቅ ሰው አውራ ጣት የተያዘ ንብረት የወራሾች ሁሉ ሐቅ ነው፤ በፍርድ ቤትም ያከራክራል። በሽታው ገና ሲጀምር፣ አባት ሐሳባቸውን ራሳቸው መናገር ሲችሉ፣ ብድርና አደራቸውን በምስክር ፊት ቢያስመዘግቡ ለሁሉም ይበጃል።

ባለሙያ አግኝታችሁ ለመጀመሪያው ጥሪ ከመቀመጣችሁ በፊት የአንድ ሳምንት ነገር በደብተር ያዙ። መቼ ይተኛሉ? መቼ ይነሳሉ? መቼ ይቆጣሉ? ከቁጣው በፊት ምን ሆነ፤ ማን ገባ፤ ምን ተባለ? የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነፓኬቱ በአንድ ላይ አስቀምጡ። ዛሬም ራሳቸው የሚሠሩትን ነገር ጻፉ፤ ትንሽም ብትሆን፣ ጫማቸውን ማሰርም ቢሆን። ለጥሪው የማለዳውን ጊዜ ምረጡ፤ ብዙ አዛውንት ንቁ የሚሆኑት ያኔ ነው። ዋሽንግተን ያለው ልጅ አብሮ ልግባ ካለ በዲላ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እርሱ ዘንድ ውድቅት ነው፤ የሚከብደው ከሆነ ማታ የእህቱን ማስታወሻ ያንብብ። ጅዳና ሪያድ ያሉት ግን ሰዓታቸው ከዲላ ጋር አንድ ስለሆነ ጁሙዓ ጠዋት፣ ወደ መስጂድ ከመሄዳቸው በፊት፣ አብረው መስመሩ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ።